ሄርፒስ ከነሥሩ ይነቀላል ወይ? በየሁለት ወሩ ለሚመለስባት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ዕድሜዬ 31 ነው። ከአራት ዓመት በፊት ብልቴ አካባቢ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ቁስሎች ወጥተውብኝ ስመረመር ሄርፒስ ዓይነት 2 መሆኑ ተነገረኝ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ ገደማ ይመለስብኛል። በተመለሰ ቁጥር የአሳይክሎቪር ቅባት ከፋርማሲ ገዝቼ እቀባለሁ፤ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ይደርቃል። ከነሥሩ የሚነቅለው መድኃኒት አለ ወይ? በቅርቡ ላገባ ነው፤ ለእጮኛዬ ምን ልንገረው? ልጅ መውለድስ እችላለሁ? ባለፈው ወር ደግሞ እናቴን አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባት ነበር፤ ከእኔ ተላልፎባት ይሆን?»

ቀጥተኛውን መልስ ላስቀድም። ሄርፒስን ከሰውነት ጨርሶ የሚያስወጣ መድኃኒት እስከ ዛሬ በየትኛውም አገር የለም። የጻፉልኝን ደጋግሜ ሳነብ ግን ለአራት ዓመት ያስቸገረዎት የመድኃኒት አለመኖር አልመሰለኝም፤ ያለው መድኃኒት በትክክለኛው መልክና በትክክለኛው ሰዓት አልደረሰዎትም። እርስዎ ቅባቱን የሚገዙት ቁስሉ ከወጣ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ቫይረሱ አብዛኛውን ሥራውን ጨርሷል። ይህ የሰዓት ጉዳይ የሕክምናው ሁሉ መሠረት ስለሆነ፣ ስለ መድኃኒቱ መጠን ከመናገሬ በፊት በሰውነትዎ ውስጥ የሚሆነውን ላስረዳዎት።

ቫይረሱ መጀመሪያ በቆዳ ሕዋሳት ውስጥ ተባዝቶ ቁስል ያወጣል፤ ከዚያም ቆዳው ላይ ባሉት የስሜት ነርቮች ጫፍ ገብቶ በነርቩ ውስጥ ወደ ላይ ይጓዛል። የብልት ሄርፒስ በአከርካሪ አጥንት ግርጌ አጠገብ፣ የአፍና የከንፈር ሄርፒስ ደግሞ ከጆሮ ከፍ ብሎ በራስ ቅል ውስጥ፣ ጋንግሊዮን በምንለው የነርቭ ሕዋሳት ክምችት ውስጥ ገብቶ ይተኛል። በተኛበት ጊዜ አይባዛም፤ ፕሮቲኖቹንም ከሞላ ጎደል ስለማያመርት የሰውነት መከላከያ ሊያየው አይችልም። ሕመም፣ ትኩሳት፣ የወር አበባ፣ ብርቱ ድካምና ጭንቀት ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ሲያነቃው በዚያው ነርቭ ተመልሶ ወርዶ በዚያው አካባቢ ቆዳ ላይ ይባዛል። ቁስሉ ከመውጣቱ ከሰዓታት እስከ አንድ ቀን ተኩል ቀደም ብሎ የሚሰማዎት የማቃጠል፣ የመንዘር ወይም የማሳከክ ስሜት የዚህ ጉዞ ምልክት ነው።

አሳይክሎቪር የሚሠራበት መንገድ ከዚህ ጋር ይያያዛል። መድኃኒቱ ሲዋጥ ገና ሥራ ያልጀመረ ጥሬ ነገር ነው፤ ሥራ የሚያስጀምረው ቫይረሱ ራሱ ለመባዣ ብሎ የሚያመርተው ታይሚዲን ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ቫይረሱ በሌለበት ሕዋስ ውስጥ ይህ ለውጥ እምብዛም ስለማይካሄድ መድኃኒቱ ጤነኛውን ሕዋስ ብዙም አይነካም፤ ቫይረሱ በሚባዛበት ሕዋስ ውስጥ ግን ተለውጦ በአዲሱ የቫይረስ ዲኤንኤ ሰንሰለት ላይ ይሰካና ሰንሰለቱ እንዳይቀጥል ያደርጋል። ለዚህ መድኃኒት መገኘት መንገድ የጠረገችው ገርትሩድ ኤሊየን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዷ ናት። እኔ በሙያዬ ከማደንቃቸው ግኝቶች መካከል ይህን የሚያህል ጥቂት ነው፤ ጠላት የሠራውን መሣሪያ መልሶ በጠላት ላይ የሚያውል መድኃኒት ነውና። ይሁን እንጂ ብርታቱ ያለበት ቦታ ላይ ድካሙም አለ። የተኛ ቫይረስ ኢንዛይሙን ስለማያመርት መድኃኒቱ አይደርስበትም። የሚይዘው የነቃውን ብቻ ነው፤ እሱንም ቶሎ ከተደረሰበት።

እንግዲህ ወደ ቅባቱ ልመለስ። ለብልት ሄርፒስ የአሳይክሎቪር ቅባት የሚሰጠው ጥቅም እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ዛሬ እንዲታዘዝ አይመከርም። ቅባቱ ቆዳው ላይ ይቀራል፤ በነርቩ ውስጥ እየወረደ ያለውን ቫይረስ አያገኘውም። በሳምንት የሚድንልዎት ቁስልም ያለ ቅባቱ በዚያው ጊዜ ገደማ ይድን እንደነበር እገምታለሁ። የሚያስፈልግዎት የሚዋጠው ነው።

የሚዋጠውን በሁለት መንገድ መጠቀም ይቻላል። አንደኛው ሲመለስ ብቻ መውሰድ ነው፦ አሳይክሎቪር 800 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን፣ ወይም 800 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ2 ቀን፣ ወይም ቫላሳይክሎቪር 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ3 ቀን። ይህ መንገድ የሚጠቅመው ግን መድኃኒቱ አስቀድሞ ቤትዎ ውስጥ ሲኖርና የመጀመሪያው የማቃጠል ስሜት እንደተሰማዎት፣ ቢዘገይ ቁስሉ በወጣ በአንድ ቀን ውስጥ ሲጀመር ብቻ ነው። ስሜቱ ሐሙስ ማታ ጀምሮ ሐኪም ዘንድ ሰኞ የሚደርስ ሰው ከዚህ ሕክምና የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሐኪምዎ አስቀድሞ ማዘዣ እንዲጽፍልዎትና መድኃኒቱን በመሳቢያዎ እንዲያስቀምጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሁለተኛው መንገድ በየቀኑ መውሰድ ነው፤ ለእርስዎ እኔ የምመርጠውም ይህን ነው። አሳይክሎቪር 400 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ወይም ቫላሳይክሎቪር 500 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ሲወሰድ፣ በተደጋጋሚ በሚመለስባቸው ሰዎች ላይ የመመለሱን ቁጥር ከ70 እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል። በዓመት ስድስት ጊዜ ገደማ የሚመለስበት ሰው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ሊታመም ይችላል፤ ምንም ሳይመለስበት ዓመቱ የሚያልፍለትም አለ። በዓመት አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚመለስበት ሰው 500 ሚሊ ግራም ቫላሳይክሎቪር ሊያንስ ስለሚችል 1 ግራም ይሰጣል። ቫላሳይክሎቪር ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ አሳይክሎቪር የሚለወጥ፣ የተሻለ የሚመጠጥ መድኃኒት ነው። የሱ ጥቅም በቀን የሚዋጠውን ቁጥር መቀነሱ ነው እንጂ ኃይሉ የተለየ ስለሆነ አይደለም፤ ዋጋው ከከበደዎት ወይም በአቅራቢያዎ ካላገኙት በአሳይክሎቪር ቢቀጥሉ የሚያጡት ነገር የለም።

«ዕድሜ ልክ መድኃኒት መዋጥ ኩላሊቴን አይጎዳም?» ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ፤ ብዙዎች መድኃኒቱን የሚያቋርጡት በዚህ ፍርሃት ነው። አሳይክሎቪር በየቀኑ ለስድስት ዓመት ያህል የወሰዱ ሰዎች ተከታትለው ታይተው ደኅንነቱ ተረጋግጧል፤ ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው በየጊዜው የደም ምርመራ እንዲያደርግም አይገደድም። መድኃኒቱ የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነ ግን የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑ ሊቀነስለት ይገባል፤ ሁሉም ሰው ውሃ በደንብ ሊጠጣ ይገባል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ከሐኪምዎ ጋር ቁጭ ብለው ልቀጥል ወይስ ላቁም ብለው ይመካከሩ። ቫይረሱ ከዓመታት በኋላ የመንቃት ልማዱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ዕድሜ ልክ መዋጥ ግዴታ አይደለም።

ስለ «ነቃዩ» መድኃኒት አንድ ቃል መጨመር አለብኝ፤ በስልክ የሚሸጡ፣ በሰባት ቀን ከነሥሩ እናጠፋለን የሚሉ ቅመሞች ገንዘባቸውን የጨረሱባቸው ብዙ ታማሚዎች ወደ እኔ ስለሚመጡ ነው። ቅመሙን የወሰደ ሰው ቁስሉ ሲደርቅ እውነትም የዳነ ይመስለዋል። ቁስሉ ግን ሁልጊዜም በራሱ ይደርቃል። ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ ሲመለስ «እንደገና ተያዝክ» ተብሎ ሌላ ጠርሙስ ይሸጥለታል። በነርቭ ሕዋስ ውስጥ የተኛውን ዲኤንኤ መድረስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማሳየት ያህል፦ በሲያትል የሚገኘው የፍሬድ ሃችንሰን ማዕከል ተመራማሪዎች የቫይረሱን ዲኤንኤ እንደ መቀስ የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ነርቭ ውስጥ አስገብተው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የተኛ ቫይረስ ማስወገዳቸውን እ.ኤ.አ. በ2020 ያስታወቁት በአይጦች ላይ ነው። ክትባቱም ቢሆን ቀላል አልሆነም፤ ከ8,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ትልቅ ሙከራ ዓይነት 2ን መከላከል አልቻለም። ይህን ሁሉ ያልቻለው ሳይንስ በጠርሙስ ቅመም ተቀድሟል ቢባሉ አይመኑ።

የአገራችንን ባህላዊ ዕውቀት ግን ከነዚህ ነጋዴዎች ጋር አልደምረውም። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል ወላጆቻችን «ምች መታው» ይሉታል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ወይም ካተኮሰው በኋላ እንደሚወጣም አስተውለዋል። አስተውሎታቸው ትክክል ነው፤ የፀሐይ ጨረርና ትኩሳት የተኛውን ዓይነት 1 ቫይረስ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ከንፈር ላይ የሚወጣውን ሄርፒስ፣ ከሚቀሰቅሱ ነገሮች ዋነኞቹ ናቸው። ልዩነቱ ፀሐዩ ሕመሙን አዲስ አለማምጣቱ ነው፤ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ከቤተሰብ በመሳም ገብቶ እዚያው ተኝቶ የነበረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ 64 በመቶው፣ ማለትም 3.8 ቢሊዮን ሰው ዓይነት 1 አለበት። የዳማከሴ ሽታና እንፋሎት የሚያሳርፈው ሰው ቢጠቀምበት አልከለክልም፤ ጭማቂውን ዓይን ውስጥ መጨመር ግን ፈጽሞ አይገባም። ዓይን ካነሳሁ አይቀር፦ ዓይኑ ቀልቶ የሚያመውና ብርሃን የሚያስቸግረው ሰው ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ያለ ዓይን ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ እንዳይጨምር። ሕመሙ ሄርፒስ ከሆነ ስቴሮይዱ ብቻውን ቫይረሱን አስፋፍቶ ብሌኑን እስከማሳወር ሊያደርስ ይችላል።

ስለ እጮኛዎ የጠየቁት ከሁሉ ይበልጥ ከባዱ እንደሆነ ይገባኛል። ቢነግሩት ይሻላል እላለሁ፤ ከሠርጉ በኋላ ሳይሆን አሁን። ምክንያቱ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕክምናም ነው፦ የሚከላከሉባቸው መንገዶች በሙሉ የሁለታችሁን ስምምነት ይፈልጋሉ። ሲነግሩት ይህ ሕመም በዓለም ላይ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሰዎች ውስጥ ግማሽ ቢሊዮን የሚሆኑትን እንደያዘ፣ አብዛኞቹም እንዳለባቸው እንደማያውቁ ይንገሩት። ማን ከማን እንደያዘው ለማወቅ መሞከር ደግሞ ብዙ ትዳር ያፈረሰ ከንቱ ድካም ነው፤ ቫይረሱ ያለ ምልክት ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ስለሚችል የመጀመሪያው ቁስል የወጣበት ቀን የተያዙበትን ቀን አያሳይም።

እሱም ሳያውቀው ቫይረሱ ሊኖርበት ስለሚችል መጀመሪያ የደም ምርመራ ቢያደርግ ጥሩ ነው። ከሠርግ በፊት በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሚጠየቀው የኤችአይቪ ምርመራ ሄርፒስን አይጨምርም፤ ለብቻው መጠየቅ አለበት። የሚፈለገው ሰውነት በቫይረሱ ላይ ያመረተውን መከላከያ በደም ውስጥ ፈልጎ ዓይነት 1ንና ዓይነት 2ን ለይቶ የሚያሳየው የአይጂጂ ምርመራ ነው። አይጂኤም የሚባለው ምርመራ አዲስን ከአሮጌ ስለማይለይና በሐሰት «አለ» ስለሚል ገንዘብ አይውጣበት። የአይጂጂው ውጤትም ከመስመሩ ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ በሌላ ዓይነት ምርመራ መረጋገጥ ይኖርበታል። የእርስዎ ምርመራ ከቁስሉ በተወሰደ ናሙና በፒሲአር፣ ማለትም የቫይረሱን ዲኤንኤ በሚፈልገው ምርመራ ከተደረገ እጅግ አስተማማኝ ነው፤ በማየት ብቻ ተብሎ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ቁስሉ ገና ውሃ እንደቋጠረ ናሙና ቢሰጡ እመርጣለሁ። ቂጥኝና ከርክርም ብልት ላይ ቁስል ያወጣሉና።

እሱ ከሌለበት መከላከያው ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው የማቃጠል ስሜት ከተሰማበት ሰዓት ጀምሮ ቆዳው ሙሉ በሙሉ እስኪድን ግንኙነት ማቆም፤ በሌላው ጊዜ ኮንዶም መጠቀም፤ እርስዎ ደግሞ የየቀኑን መድኃኒት መውሰድ። የመጀመሪያው ብቻውን የማይበቃበትን ምክንያት ልብ ይበሉ። ምልክት በሚያሳዩ የዓይነት 2 ታማሚዎች ላይ በየቀኑ ናሙና ሲወሰድ ከአምስት ቀን በአንዱ ገደማ ቫይረሱ ቆዳ ላይ ይገኛል፤ ከነዚህም ቀናት በብዙዎቹ ዓይን የሚያየው ቁስል የለም። የየቀኑ መድኃኒት የሚያደርገውን እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በ1,484 ጥንዶች ላይ አሳይቷል፦ በስምንት ወር ውስጥ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ወገን 27 ጤነኛ የትዳር ጓደኞች ሲያዙ፣ ቫላሳይክሎቪር 500 ሚሊ ግራም በየቀኑ ከተሰጣቸው ወገን የተያዙት 14 ናቸው። በግማሽ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው። ሁለቱም ወገን ኮንዶም እንዲጠቀም የተመከረ መሆኑን ደግሞ አይርሱ።

ከዚሁ ጋር ኤችአይቪ መነሳት አለበት። ዓይነት 2 ሄርፒስ ያለበት ሰው ለኤችአይቪ ከተጋለጠ የመያዝ ዕድሉ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ አሳይክሎቪር በየቀኑ መውሰድ ይህን ተጨማሪ አደጋ እንደማይቀንስ በአፍሪካና በሌሎች አገሮች የተደረጉ ትላልቅ ሙከራዎች አሳይተዋል። ሁለታችሁም መመርመራችሁ ስለዚህ ከወግ ያለፈ ትርጉም አለው።

ልጅ መውለድ ይችላሉ፤ ሄርፒስ መካን አያደርግም። በእርስዎ ሁኔታ፣ ማለትም ከእርግዝናው ብዙ ቀደም ብላ በተያዘች እናት፣ ሕፃኑ በወሊድ ጊዜ የመያዙ ዕድል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ሰውነትዎ ያመረተው መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል ለሕፃኑ ይተላለፋልና። የሚያስፈራው በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትያዝ እናት ናት፤ በሷ ላይ ዕድሉ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። እርስዎ ሲያረግዙ በመጀመሪያው ክትትል ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ አሳይክሎቪር 400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ እስከ ወሊድ ይሰጥዎታል፤ ምጥ ሲጀምር ቁስል ወይም የማቃጠል ስሜት ካለ ብቻ በቀዶ ሕክምና ይወልዳሉ። ከወለዱም በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የሚመጣ እንግዳ ከንፈሩ ላይ ምች ካለበት ሕፃኑን እንዳይስም ይከልክሉ፤ ቅር ቢለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሄርፒስ የያዘው ሕፃን ሊሞት ወይም አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል፤ እንግዳው ግን ከቅሬታው ይመለሳል።

እናትዎን በተመለከተ ይረጋጉ፤ ከእርስዎ አልተላለፈባቸውም። አልማዝ ባለጭራ የሚመጣው ከሌላ የሄርፒስ ቫይረሶች ቤተሰብ አባል፣ በልጅነት ጉድፍ ከሚያወጣው ቫይረስ ነው። ሰውን የሚይዙት የሄርፒስ ቫይረሶች ዘጠኝ ናቸው፤ ከአንዱ መያዝ ሌላውን አያመጣም። እናትዎ በልጅነታቸው ጉድፍ ሲወጣባቸው የገባው ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ፣ ዕድሜ ሲገፋና መከላከያቸው ሲደክም በአንድ ነርቭ መስመር ብቻ ወርዷል፤ ቁስሉ በአንድ ጎን ብቻ እንደ ጭራ ተስቦ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህም ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ አሳይክሎቪር 800 ሚሊ ግራም በቀን አምስት ጊዜ፣ ወይም ቫላሳይክሎቪር 1 ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን መጀመር አለበት። መጠኑ ለእርስዎ ከሚሰጠው በጣም እንደሚበልጥ ያስተውሉ፤ የእርስዎን ክኒን ለእናትዎ ማካፈል አይጠቅማቸውም። በየመንደሩ ቁስሉ ላይ የሚቀባው ቅጠልና አመድ ግን ሦስቱን ወርቃማ ቀናት ያሳልፋል፤ ጸበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ጎን ለጎን ቢውጥ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የእናትዎ ሽፍታ ወር ስላለፈው የፀረ ቫይረሱ ጊዜ አልፏል፤ አሁን መጠየቅ ያለብዎት ሕመሙ ቀርቷል ወይ ብለው ነው። ቆዳው ከዳነ በኋላ ልብስ ሲነካው እንኳ የሚያቃጥል ሕመም ከቀጠለ ዝም ብለው እንዳይችሉት፤ እንደ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ያሉ ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች ከተራ ማስታገሻ በጣም የተሻሉ ናቸው። ሽፍታው ግንባር ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ዓይን ሐኪም በዕለቱ ማየት ነበረበት። በወጣት ሰው ላይ ሲወጣ የኤችአይቪ ምርመራ እንጠይቃለን፤ በእናትዎ ዕድሜ ላይ ግን ዕድሜ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ ጎረቤት የሚያወራውን አይስሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው በሁለት ዙር የሚሰጥ ክትባት ከ50 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች ላይ ከ90 በመቶ በላይ ይከላከላል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የለም። ውጭ አገር የሚኖሩና ዕድሜያቸው የደረሰ ዘመዶች ካሉዎት ግን ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ ይንገሯቸው።

ለሚቀጥለው ቀጠሮዎ ይህን ይዘው ይሂዱ፦ ባለፈው ዓመት የተመለሰባቸውን ቀናት በወረቀት ጽፈው፣ ከወር አበባዎ ጋር መገጣጠም አለመገጣጠሙን ጠቁመው፣ የቀድሞውን የምርመራ ወረቀት ጨምረው። ሐኪምዎ የየቀኑን ሕክምና ሲጀምርልዎት በትክክል እየወሰዱት ቁስል ከአሥር ቀን በላይ ካልዳነ ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዶ ሊሆን ስለሚችል ይመለሱ፤ ጤነኛ መከላከያ ባለው ሰው ላይ ይህ ከ1 በመቶ በታች ነው። ሽንት መሽናት ካቃተዎት፣ ወይም ከቁስሉ ጋር ብርቱ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።